ስለ ጠመንጃው ተጠያቂው ማን ነው?

መሣሪያ ስለ መያዝና ስለ መሣሪያ ሕግ ለውይይት ጉባኤያት የቀረበ ትምህርት

ከጂንካ ተነሥቶ በቱርሚ በኩል ወደ ኦሞራቴ የሚወርድ መንገደኛ፣ ሜዳው እየሰፋ ሙቀቱም እየበረታ ሲሄድ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከብት የሚጠብቁ ወንዶችን ይመለከታል። ብዙዎቹ በእጃቸው መቀመጫም ትራስም የምትሆን ትንሽ የእንጨት በርጩማ ይይዛሉ፤ በትከሻቸው ደግሞ ጠመንጃ ያነገቱ አይጠፉም። እንግዳ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ጠመንጃውን ነው፤ በርጩማዋን ልብ የሚላት ኋላ ነው። ለአገሩ ሰው ግን ሁለቱም የዕለት ዕቃዎች ናቸው፤ በአንዷ ያርፋል፣ በሌላው ከብቱን ይጠብቃል።

ስለዚህ በዳሰነች ምድር ስለ ጠመንጃ መነጋገር ስለ ሩቅ ነገር መነጋገር አይደለም። ባለ መሣሪያዎች በዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጡ ስለ መሣሪያው ዓይነት፣ ስለ ጥይት ዋጋ፣ ስለ ዒላማ ይጫወታሉ፤ ጨዋታውም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሕጉ ይዞራል። አንዱ «ይመዝገብ» ሲል ሌላው «ከተመዘገበ ተወሰደ ማለት ነው» ይላል። ሦስተኛው «ወንዙን ተሻግሮ የሚመጣው ሰው መቼ ተመዘገበ?» ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ቃላት የጉራ ቃላት አይደሉም፤ ከኋላቸው የልጆች ሕይወትና የቤተሰብ ሀብት አለ።

በዚህ ጽሑፍ የመሣሪያን ታሪክ፣ የባለ መሣሪያውን ክርክርና የሕጉን ቃል በየተራ ለመመልከት እንሞክራለን። ልናስገነዝብ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «ጠመንጃ ይኑር ወይስ አይኑር?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ስለ ጠመንጃው የሚጠየቀው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መመለስ እንደሚገባው ነው።

፩. መሣሪያ በአገራችን ታሪክ

የኢትዮጵያ ሕዝብ ከጠመንጃ ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ መሆኑን ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር የተገኙ ስሞች ናቸው። ባላገሩ የባዕዱን ስም ለአፉ እንዲመች አድርጎ የራሱ አደረገው። ጠመንጃም የማዕረግና የርስት ጠባቂነት ምልክት ሆኖ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፣ በሠርግና በለቅሶም ሲተኮስ ኖሯል።

መሣሪያን የሚገድብ ሕግም አዲስ ነገር አይደለም። በ1882 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1890) በብራስልስ የተሰበሰቡ መንግሥታት ወደ አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ዘመናዊ ጠመንጃ እንዳይገባ ተስማሙ። ምክንያቱ የባሪያ ንግድን ለመግታት ነው ተባለ፤ ስምምነቱ ግን የቅኝ ገዥዎቹን የራሳቸውን ጠመንጃ አልነካም። ዐፄ ምኒልክ አስቀድመው መሣሪያ ባያከማቹ ኖሮ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተገኘው ድል ባልተገኘ ነበር ብሎ መናገር ይቻላል። ኋላም ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ስለ መሣሪያ ንግድ ግዴታ ገባች፤ በ1922 ዓ.ም. ደግሞ ከብሪታንያ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር ስለ መሣሪያ አገባብ ውል ተፈራረመች።

የኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት በ1927 ዓ.ም. ታላላቆቹ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ነገሩ ሲሰሙት ሚዛናዊ ይመስላል። ነገር ግን ኢጣሊያ የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካ ነበራት፤ ኢትዮጵያ አልነበራትም። ዕገዳው ለኢትዮጵያ በተነሣላት ጊዜ ጦርነቱ ተጀምሮ ነበር። እንግዲህ በአንድ ወገን ላይ ብቻ የሚከብድ የመሣሪያ ሕግ ምን ያህል እንደሚጎዳ አገራችን በራሷ ላይ ደርሶ አይታዋለች። ይህንን ማስታወስ የኦሞራቴን ባለ መሣሪያ ክርክር ሳንንቅ እንድንሰማ ይረዳናል።

፪. ጠመንጃው ወደ ኦሞ ሸለቆ እንዴት ደረሰ?

የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር በ1890 ዓ.ም. ዛሬ ቱርካና ወደሚባለው ሐይቅ ከደረሰ በኋላ የታችኛው ኦሞ አገር ከጠመንጃ ንግድ ጋር ይበልጥ ተገናኘ። በማጂ በኩል የዝሆን ጥርስና ባሪያ ሲወጣ ጠመንጃና ጥይት ይገባ ነበር። በወሰኑ ማዶ የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር በበኩሉ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቱርካናዎችን ትጥቅ አስፈታ፤ በሰሜን ያሉት ጎረቤቶቻቸው ግን እንደ ታጠቁ ቀሩ። በዚህም ምክንያት ቱርካናዎች ለረጅም ዘመን ለከብት ዘረፋ ተጋልጠው ኖሩ። ዛሬ በዚህ ወገን የሚሰማው ስጋት በዚያን ጊዜ በዚያ ወገን የነበረ ስጋት ነው።

ከዚያ ወዲህ ታላቁን ለውጥ ያመጣው ክላሽ ነው። በ1971 ዓ.ም. የኢዲ አሚን መንግሥት በወደቀ ጊዜ በሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳ በሞሮቶ የነበረው የጦር ሠፈር ተዘረፈ፤ መሣሪያውም በካራሞጃ አገር ተሰራጨ። የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ሌላ በር ከፈተ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ደግሞ የወታደሩ ጠመንጃ በየገበያው በከብትና በገንዘብ ተለወጠ።

በዚህ መካከል የሆነውን አንድ ነገር እናንሣ። በ1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1987 መጀመሪያ) ክላሽ የታጠቁ የኛንጋቶም ሰዎች በአሮጌ ጠመንጃ ብቻ ይከላከሉ የነበሩትን የደቡብ ሙርሲ ሰዎች አጠቁ። በሙርሲዎች መካከል ረጅም ዘመን ያጠኑ ምሁር እንደ ጻፉት የሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ይህንን የምናነሣው አንዱን ሕዝብ ለመውቀስ አይደለም፤ ኛንጋቶሞችም ራሳቸው ተጠቂ የነበሩበት ዘመን አለና። የምናነሣው በሁለት መሣሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት ነው። ውጅግራ አንድ ጥይት ተኩሶ እንደገና መጉረስ አለበት፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ መሸሽም፣ ማስታረቅም፣ መጸጸትም ይቻል ነበር። የክላሽ ካዝና ግን 30 ጥይት ይይዛል፤ ቁጣ ሳይበርድ መንደር ያልቃል።

ሙርሲዎችም ከዚያ በኋላ ክላሽ ገዙ። ስለዚህ ጠመንጃ የሚሰጠው ብልጫ ጎረቤት ተመሳሳዩን እስኪገዛ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም እኩል ይሆናሉ፤ እኩል የሚሆኑት ግን በደኅንነት ሳይሆን በስጋት ነው።

፫. የባለ መሣሪያው ክርክርና መልሱ

ባለ መሣሪያው የሚያቀርባቸው ምክንያቶች በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው «ፖሊስ ሩቅ ነው» የሚለው ነው። በግጦሽ ሜዳ ሌሊት አደጋ ሲመጣ የሚጠራ ሰው አይገኝም። ይህ እውነት ነው። የሜዳውም ሁኔታ እየጠበበ ሄዷል። የጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ወንዙ በየዓመቱ እየሞላ ያረሰርሰው የነበረው የማሽላ መሬት እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የወንዙና የሐይቁ ውኃ ከመጠን በላይ ሞልቶ ብዙ መንደሮችንና ግጦሾችን ዋጠ። መሬት ሲጠብ ሰው ወደ ጎረቤቱ ወሰን ይጠጋል፤ ሲጠጋም ጠመንጃውን ይዞ ነው።

ሁለተኛው «ጠመንጃዬ ሀብቴ ነው» የሚለው ነው። በከብት የተገዛ ነውና ያለ ካሣ ሲወሰድ ከብቱ እንደ ተወሰደ ይቆጠራል። ይህም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አውስትራሊያ በ1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1996) ፖርት አርተር በተባለ ስፍራ አንድ ሰው 35 ሰዎችን ከገደለ በኋላ ሕጓን ስታጠብቅ፣ ለሰበሰበችው መሣሪያ ለባለቤቶቹ ዋጋ ከፍላለች፤ ከ600 ሺህ በላይ መሣሪያም ተሰበሰበ። አውስትራሊያ ሀብታም አገር ናት፤ ፖሊሷም በቅርብ ነው። ነገር ግን ከሰው እጅ የሚወሰድ ነገር ዋጋ እንዳለው ማወቁ ለድሃም አገር የሚጠቅም ጥበብ ነው።

ሦስተኛው «ሌላው ሳይፈታ እኔ ብቻ አልፈታም» የሚለው ነው። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ከላይ ያየነው ታሪክም ይደግፈዋል።

እንግዲህ መልሱ ምንድን ነው? ሦስቱም ምክንያቶች ጠመንጃ ለምን እንደ ተያዘ ያስረዳሉ እንጂ ጠመንጃው ለምን ሳይቆጠር እንደሚቀር አያስረዱም። ከብቱን ለመጠበቅ የያዘ ሰው ቁጥሩን ቢያስመዘግብ ከብቱ አይጎዳም። ምዝገባን አጥብቆ የሚፈራው ለዘረፋ የሚያውለው ወይም ለዘራፊ የሚያከራየው ሰው ነው። ሐቀኛው ባለ መሣሪያ ምዝገባን ሲሸሽ፣ ሳያውቀው ለሌባው መሸሸጊያ ይሆናል፤ ሁሉም ያልተመዘገበ በሆነበት አገር ማን ለጥበቃ፣ ማን ለጥፋት እንደ ያዘ መለየት አይቻልምና። «ከተመዘገበ ይወሰዳል» የሚለው ስጋት ግን ከባለ መሣሪያው ዘንድ ብቻ የሚወገድ አይደለም፤ መዝጋቢውም ቃሉን በመጠበቅ ሊያስወግደው ይገባል።

፬. ሕጉ ምን ይላል?

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው ማሻሻያ መሣሪያ ስለ መያዝ መብት ስለሚናገር፣ በዚያ አገር ክርክሩ ሁሉ ከመብት ይጀምራል። በእኛ አገር ነገሩ ከዚህ ይለያል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 መሣሪያ ስለ መያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል እንጂ መሣሪያ መያዝን እንደ መብት አይቆጥርም። እንደ መብት የሚጠብቀው ሕይወትንና የአካል ደኅንነትን ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 481 የተከለከለ የመሣሪያ ንግድን ይቀጣል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ ማዘዋወርንና መሸጥን ይከለክላል፤ መሣሪያ መያዝ ልማድ የሆነባቸው አካባቢዎች መኖራቸውንም ከግምት አስገብቷል። በዚህ መሠረት አዋጁ ባለ መሣሪያውን ሁሉ እንደ ወንጀለኛ አይመለከትም፤ ወደ መዝገብ እንዲመጣ ግን ያዝዘዋል።

ኢትዮጵያና ኬንያ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) በናይሮቢ ከተፈረመው የትናንሽና ቀላል መሣሪያዎች ስምምነት ወገን ናቸው። ስምምነቱ በየመሣሪያው ላይ መለያ እንዲቀረጽና መዝገብ እንዲያዝ ያዝዛል። የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው። አንድ ጠመንጃ በቶዶኛንግ በተፈጸመ ግድያ ቢያዝ፣ ቁጥሩ ከማን እጅ እንደ ወጣ ይናገራል። ያን ጊዜ ደም የሚጠየቀው አንድ ሰው ይሆናል፤ ቁጥር ከሌለ ግን ደሙ የሚጠየቀው ሕዝቡ ሁሉ ነው። ዳሰነች ሁሉ ለአንድ ዳሰነች፣ ቱርካና ሁሉ ለአንድ ቱርካና ዕዳ የሚከፍለው ስለዚህ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ነገር የምታስተምረው ትምህርት አላት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2265 ለሌሎች ሕይወት ኃላፊነት ያለበት ሰው እነርሱን መከላከል መብቱ ብቻ ሳይሆን ከባድ ግዴታውም ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። በቁጥር 2264 ግን መከላከሉ ከሚያስፈልገው ልክ እንዳያልፍ ይወስናል፤ በቁጥር 2316 ደግሞ የመሣሪያን ሥራና ንግድ መቈጣጠር የመንግሥት መብትና ግዴታ መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ እረኛው ልጆቹን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ መንግሥትም የእረኛውን ጠመንጃ የመቁጠር ግዴታ አለበት። አንዱ ግዴታ ሌላውን አይሽረውም።

፭. ትጥቅ ማስፈታት ብቻውን ሰላም ያመጣልን?

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ በዚሁ በደቡብ ኦሞ በሙርሲና በቦዲ አገር የትጥቅ ማስፈታት ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። በዘመቻው ጊዜ በሕዝቡ ላይ የኃይል ተግባር ተፈጽሟል የሚል አቤቱታ በአገር ውስጥም በውጭም ተሰምቷል። ጠመንጃ በዱላ ሲሰበሰብ የሚሰበሰበው ብረቱ ብቻ ነው፤ ፍርሃቱ በቤት ይቀራል፤ ፍርሃት ያለበት ሰው ደግሞ ሌላ ጠመንጃ መፈለጉ አይቀርም።

በሌላ ወገን ደግሞ ዝም ብሎ መተው ምን እንደሚያስከትል ታይቷል። በ2003 ዓ.ም. በኬንያ ወሰን በቶዶኛንግ አጠገብ ብዙ ቱርካናዎች ተገደሉ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው አካባቢ በሐይቁ ላይ በዓሣ አስጋሪዎች ላይ ጥቃት ደርሶ ብዙዎች ጠፉ። በዚህም ወገን በሐዘን የተቀመጡ እናቶች አሉ። የወንዙ ውኃ ከኦሞራቴ ወደ ሐይቁ ሲወርድ የማንን ደም እንደሚያጥብ አይጠይቅም።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 2 ሰይፍ ማረሻ ስለሚሆንበት ቀን የተናገረውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ግን የቃሉን ቅደም ተከተል ነው። በነቢዩ ቃል አስቀድሞ በአሕዛብ መካከል የሚፈርድ ዳኛ ይነሣል፤ ሰይፉ የሚቀጠቀጠው ከዚያ በኋላ ነው። ፍርድ ከሌለበት ስፍራ ሰይፍ ማረሻ አይሆንም። በኦሞ ወንዝ ዳርም እንዲሁ ነው። የተዘረፈ ከብት በሽማግሌና በፍርድ ቤት የሚመለስ ከሆነ፣ በሁለቱም መንግሥታት ወሰን ምዝገባው በአንድ ጊዜ የሚካሄድ ከሆነ፣ የቀበሌ ሚሊሻውና የማዶው ተጠባባቂ ፖሊስ ቁጥር ባለው መሣሪያ በጋራ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ጠመንጃውን ማስቀመጥ ሞኝነት መሆኑ ይቀራል።

፮. ዛሬ ከባለ መሣሪያው የሚጠበቀው

ይህ ሁሉ እስኪሆን ባለ መሣሪያው እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። የሚከተሉትን ማድረግ በእጁ ነው።

ሀ) በቤት ሲሆን ካዝናውን ይንቀል፤ በመጉረሻው ውስጥ ጥይት መቅረት አለመቅረቱን ይመልከት፤ ጠመንጃውንና ጥይቱን በተለያየ ስፍራ ያኑር። ሕፃን የአባቱን ሁሉ ነገር መንካት ይወድዳልና።

ለ) አፈ ሙዙን ወደ ሰው አያዙር፤ ባዶ ነው ብሎ አይቀልድ። ለመተኮስ ካልቆረጠ ጣቱን ምላጭ ላይ አያሳርፍ።

ሐ) መጠጥ በሚጠጣበትና ገበያ በሚቆምበት ስፍራ ይዞ አይገኝ። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ እንደሚወርድ፣ የሚወርድበትንም ስፍራ ተኳሹ እንደማይመርጥ ያስታውስ።

መ) ለማንም አያውስ፣ አያከራይ። በተዋሰው ጠመንጃ ሰው ቢገደል ባለቤቱ «እኔ አልነበርኩም» ማለት በሕሊናው ዘንድ አያድነውም።

ሠ) ሲሸጥም ሆነ ለልጁ ሲያወርስ በአካባቢው ባለሥልጣን ፊት ያድርግ፤ የጠፋበትንም ፈጥኖ ያመልክት።

ረ) ለዘረፋ በተጠራ ጊዜ አይውጣ። ይህ ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ ጓደኞቹ ፈሪ ይሉታልና። ነገር ግን ከብቱን ለመጠበቅ የታጠቀ ሰው የሌላውን ከብት ለመንዳት ሲወጣ መሣሪያ የያዘበትን ምክንያት በገዛ እጁ ሽሮታል፤ ከዚያ በኋላ ስለ መብቱ የሚያቀርበው ክርክር ሰሚ አያገኝም።

ክቡራን አንባብያን፤ ጠመንጃን የሚወድድ ሰው ሁሉ ደም አይወድድም። የአባቱን ምንሽር ዘይት እየቀባ የሚያስቀምጥ አለ፤ ሌሊት በበረቱ ደጃፍ ክላሹን ተንተርሶ እንቅልፍ ሳያይ የሚያነጋም አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው የምንለው «መሣሪያህ ያሳፍርሃል» አይደለም፤ «ስምህን በመሣሪያህ ላይ አኑር» ነው። ስሙ ያለበትን መሣሪያ ሰው ለክፉ ለማንሣት ሁለት ጊዜ ያስባል። ሁለት ጊዜ ያሰበበት ቀን ደግሞ አንድ ነፍስ የተረፈበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ሰዎች መሣሪያ ለማስመዝገብ የሚፈሩት ምንድን ነው? ከስጋቱ የትኛው በእውነት የተመሠረተ ነው? የትኛውስ በወሬ?

2. አንድ ወገን ብቻ ትጥቅ ሲፈታ የሚሆነውን ከቱርካናና ከኢትዮጵያ ታሪክ አይተናል። በሁለቱም ወሰን በአንድ ጊዜ ምዝገባ እንዲካሄድ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ምን ማድረግ ይችላሉ?

3. ከላይ ከተዘረዘሩት ስድስት ነጥቦች በቤታችሁ ከዛሬ ጀምሮ ሊፈጸም የሚችለው የትኛው ነው?

4. ወጣት ለዘረፋ አልወጣም ባለ ጊዜ ማኅበረሰቡ እንዴት ሊያከብረው ይችላል?